መስኮት ለሌለው ክፍል የሚያዝ ዕቃ

ጥቅምት 9፣ 2017፣ አዳማ

ይህን ደብተር የገዛሁት የመጋረጃ ልክ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የፋዲላ ሳሎን፣ ቁመት ሁለት ሜትር ከአርባ» ይላል። ከዚህ ወዲያ ያለው የራሴ ጉድ ነው።

ሊዲ ደወለች። ሊዲ ልጄ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የቱሪስት መርከብ ላይ አልጋ ታነጥፋለች። መርከቡ ከአረብ አገር ወደብ ተነስቶ ሰባት ቀን ባሕር ላይ ይዞርና ተመልሶ እዚያው ይቆማል። የትም ላለመድረስ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ ማለት ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል በነጻ ይሰጣሉ። «ጥር ላይ ሁለቱን እናቶቼን አመጣለሁ» አለች።

ሁለቱን እናቶቼን። አንዷ የወለድኳት እኔ ነኝ። ሌላዋ የሟች ባሌ እህት እትዬ አበበች ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ነው የምንኖረው። እኔ ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር ስሠራ ልጄን ከአምስት ዓመቷ እስከ አስራ አራት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን «እማዬ» ትላቸዋለች። እኔን «እንቁዬ» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ጎረቤት። ስሜ እንቁ ስለሆነ ስሕተት ነው ማለት አልችልም።

ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ጽፌአለሁ፣ ይመዝገብልኝ።

ጥቅምት 11

የሚያዘውን ዕቃ በድምፅ ላከችልኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ክፍሉ መስኮት የለውም። መብራቱ ከጠፋ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ «እንደ ጉድጓድ ነው እንቁዬ» አለች። ማጥፊያው በሩ ጋ ነው፣ አልጋው ሌላኛው ጫፍ። ስለዚህ ራስጌ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ትንሽ መብራት። ለመታጠቢያ ቤቱ ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ የሚበራ። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ማከፋፈያ። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ። በር ላይ የሚንጠለጠል ባለ ብዙ ኪስ ጨርቅ፣ መነጽርና መድኃኒት የሚገባበት። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል።

ልጄ እኔ ራስጌ ምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ታውቃለች። እኔ ደግሞ እሷ ሕፃን ሆና ራስጌዋ ምን እንደነበረ...

ነገ ጠዋት የማስረክበው መጋረጃ አለ።

ጥቅምት 13

ፋዲላ ሱቅ ሄድኩ። ፋዲላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ትሸጣለች፤ መጋረጃ ሰፍቼላት በዚያው ጓደኛ ሆነን ቀረን።

«መርከቡ መብራት የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«አለው። ማጥፊያው ሩቅ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ተነስተሽ አታጠፊውም?»

«አጥፍቼ በጨለማ እንዴት ወደ አልጋዬ ልመለስ?»

«እዚህ መብራት ሲሄድ እንዴት ነው የምትመለሺው?»

መልስ የሌለው ሰው ዕቃ ይገዛል። ሦስት መብራት ገዛሁ፤ አንዱ ቆንጣጭ፣ አንዱ በራሱ የሚበራ፣ አንዱ እንቁላል የሚመስል። የሦስተኛውን ጥቅም ፋዲላም አታውቀውም።

ጥቅምት 16

ማግኔቱን የቤቴ ግድግዳ ላይ ሞከርኩት። ወደቀ። ለካ ቤቴ ብሎኬት ነው፤ አስራ ሦስት ዓመት ኖሬበት ዛሬ ገባኝ። የግቢው የብረት በር ላይ ግን ጥብቅ አለ። ክብደት ይችል እንደሆነ ቦርሳዬን ሰቅዬበት ራቅ ብዬ ሳየው አንድ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ «እማማ፣ የሚሸጥ ነው?» አለኝ። እማማ! ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

እትዬ አበበች ከበረንዳቸው ሆነው ሁሉንም አይተዋል። ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሠሩ ሴት ናቸው፤ ከዓይናቸው የሚያመልጥ የለም።

«እርስዎስ ምን ያዙ?» አልኳቸው ለወሬ ማስቀየሻ።

«ዳዊቴን፣ ነጠላዬንና ቆሎ። ሌላው የመርከቡ ባለቤት ጣጣ ነው።»

ጥቅምት 22

ለቪዛው ፍራንኮ አካባቢ ጉዳይ አስፈጻሚው ቶኩማ ቢሮ ሄድን፣ ከእትዬ አበበች ጋር። ቶኩማ ጨዋ ሰው ነው፤ ተነስቶ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠን። ቅጹን እየጠየቀ ይሞላል።

«ከዚህ በፊት ወደዚያ አገር ገብተው ያውቃሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ኮንትራትዎን ጨርሰው በሰላም ነው የወጡት?»

እትዬ አበበች አጠገቤ ተቀምጠው የቦርሳቸውን ዚፕ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ጨርሼ ነው» አልኩ።

«በጣም ጥሩ። አሻራዎ እዚያ ስላለ እንዲያውም ቶሎ ይገኛል።»

ከዚያ በኋላ ቢሮው በጣም ሞቀ። እትዬ አበበች የጠረጴዛውን ማራገቢያ ወደ እኔ አዞሩልኝ።

ጥቅምት 30

ባለ ኪሱን ጨርቅ ጨረስኩ። ሊዲ ያለችው አስር ኪስ ነበር። ሃያ አራት ሆነብኝ። አሁን ኪሶቹ ባዶ እንዳይሆኑ የሚገባባቸው ዕቃ እየፈለግሁ ነው። ፈረስ ሳይገዛ ኮርቻ የሚገዛ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ኮርቻውን ከጨረሰ በኋላ ግርግሙን፣ ልጓሙን፣ ገለባውን ሁሉ የገዛ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፋዲላ መጥታ ነበር። እትዬ አበበች ጓሮ ሆነው ሲነግሯት ሰማሁ፤ «ተያት። ዕቃ በእጇ ሲሞላ ነው ነፍሷ የሚመለሰው።»

ምን ማለት ነው? ሰው ዕቃ አይወድም?

ኅዳር 3

አዲስ አበባ ደርሰን መለስ። አሻራ። አስሩንም ጣት። አሻራ የምትቀበለው ልጅ «ዘና ይበሉ፣ እጅዎ ላብ ስላለው ማሽኑ አያነብም» አለች። ሦስት ጊዜ አስጠረገችኝ። መጨረሻ አነበበው። ሞጆ ጋ የጭነት መኪናው ተጠላልፎ ሁለት ሰዓት ቆምን። ደክሞኛል። ጣት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አይለወጥም? ቆዳ አይደለም እንዴ?

ኅዳር 14

ሊዲ «አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ማደር ትችሉ እንደሆነ መጀመሪያ እዚያው ሞክሩት» ስላለች፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሶደሬ አንድ ሌሊት አደርን። አሁን ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው፤ ረጅም ይሆናል።

ቀኑ ጥሩ ነበር። ፍል ውኃው ውስጥ እትዬ አበበች እስከ አንገታቸው ገብተው «ባሕሩም እንዲህ ከሆነ እችለዋለሁ» አሉ። አንዲት ዝንጀሮ ግን የዝንጅብል ከረሜላዬን ከነከረጢቱ ወስዳ ዛፍ ላይ ወጣች። አንዱን ቀምሳ ተፋችና ፊቴን እያየች ሌላውን ወረወረችብኝ።

ማታ ልምምዱን በሥርዓት ልሥራ አልኩ። ክፍሉ መስኮት ስለነበረው ከቤት ያመጣሁትን ጥቁር መጋረጃ ሰቀልኩበት። እትዬ አበበች አልጋቸው ላይ ሆነው «ለቅሶ ቤት አደረግሽው» አሉ። ከዚያ ቆንጣጩን መብራት ራስጌዬ ላይ አድርጌ አበራሁት።

«አጥፊው እንቁ።»

«ትንሽ ነው እኮ። ወደ እኔ ብቻ ነው የሚያበራው።»

«ለእኔም ይበራል። አጥፊው።»

«ያለ መብራት እንቅልፍ አይወስደኝም እትዬ። ከአረብ አገር የመጣ አመል ነው።» ሌላ ያመጣሁት ነገር የለም ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ተውኩት።

«እኔን ደግሞ በመብራት አይወስደኝም» አሉ። «ያንቺ ልጅ ናት ያስለመደችኝ» ብለው ቀጠሉ። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ አምፖሉ እንዳይጠፋ አለች። እናቴ ሌሊት ብትመጣ ቤቱ ይጠፋባታል፣ ነው የምትለው። ካጠፋሁት ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ደክሜ እየመጣሁ አምፖሉ ዓይኔ ውስጥ እየበራ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ጨለማ ለእኔ ማር ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ማታ ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ አጠፋችው።»

«መቼ?»

«ያን አራት ወር ድምፅሽ የጠፋ ጊዜ።»

ስልክ አልነበረም አልኩ። መብራቱን አጠፋሁት። እሳቸው ወዲያው ተኙ፤ እኔ የፍል ውኃውን ሽታ እየማግሁ ዝንጀሮዋ ጣሪያው ላይ ስትሮጥ እስኪነጋ አዳመጥኩ። ልምምዱ ተሳክቷል ብዬ ለሊዲ ጻፍኩላት።

ታኅሣሥ 5

ስለ ቪዛው ቶኩማ ጋ ደወልኩ። አልመጣም።

ታኅሣሥ 6

ደወልኩ። አልመጣም።

ታኅሣሥ 9

ነፋሱ አቧራውን ሁሉ ቤት አስገባው። ቶኩማ ራሱ ደወለ። መጣ ብዬ መቀሴን ጥዬ አነሳሁት። «እማማ እንቁ፣ ሲመጣ እኔ እደውላለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ» ሊለኝ ነው።

ሊዲ ደግሞ «ለምንድን ነው እንዲህ የምትጨነቂው? የእማዬ ይከብድ ይሆናል እንጂ ያንቺማ ምን አለበት፣ ዘጠኝ ዓመት የኖርሽበት አገር» አለች። አዎ አልኳት።

ታኅሣሥ 14

ሻንጣዬን ለማስመዘን ከመቂ የመጣ ሽንኩርት የሚያወርዱበት መጋዘን ወሰድኩት። ሠላሳ አንድ ኪሎ። የሚፈቀደው ሃያ ሦስት ነው። «ለሽንኩርት ቢሆን ብዙ አልነበረም» አለኝ መዛኙ። ቤት መጥቼ ስምንት ኪሎ ልቀንስ ቁጭ አልኩ። ሁለት ጥንድ ካልሲ አወጣሁ። አንዱን መለስኩ።

ታኅሣሥ 23

መጣ። ለእትዬ አበበች ተፈቅዷል። ለእኔ አልተፈቀደም።

ታኅሣሥ 24

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፤ ዛሬ ልሞክር።

ቶኩማ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። ምክንያት አልተጻፈበትም። «ምናልባት የድሮ ጉዳይ ካለ አሻራው ያወጣዋል» አለ ቀስ ብሎ። ስወጣ መንገዱን ተሳስቼ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ቤት ደርሼ ለእትዬ አበበች «አንድ ወረቀት ጎድሎኝ ነው» አልኳቸው። ሁሌም አንድ ወረቀት ይጎድለኛል። ጥሩ ውሸታም እንኳ አልሆንኩም፤ ያችኑ አንዲት ውሸት ነው እያጠብኩ የምለብሳት።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

«ቦሌ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በነጠላ ጫማ፣ አንድ ፌስታል ይዘሽ ወጣሽ። ኮንትራት የጨረሰ ሰው እንዲህ አይመጣም። ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በሽተኛ ሳይናገር በሽታው ይታወቀኛል።»

«አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«ሊዲ ሻንጣዋስ ብላ ጠየቀችኝ። በሌላ አውሮፕላን ይመጣል አልኳት። ሦስት ሳምንት ጠበቀችው።»

ልቤ ምን እንደሆነ አልጽፍም። እኚህን ሴት አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን ቀሙኝ ብዬ ታዝቤአቸው ኖርኩ። ስንቴ የጨው ዕቃቸውን ተውሼ ሳልመልስ የቀረሁት ለበቀል ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን በልጄ ፊት ሰው ለማድረግ ይዋሹልኝ ነበር። በቀሌ የጨው ዕቃ! ከዚህ የበለጠ ክፋት እንኳ አልመጣልኝም።

«እርስዎ ይሂዱ» አልኳቸው።

«ካልነገርሻት አልሄድም። ሰባት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ሆና እንቁዬ ለምን ተከለከለች ብትለኝ ምን እላታለሁ? አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ መዋሸት አልችልም።»

ታኅሣሥ 27

አልነገርኳትም። ሊዲ ለአለቆቿ ደብዳቤ ልትጽፍ ነው። «ንጹሕ ሰው እንዴት ይከለክላሉ» እያለች ትበሳጫለች። እኔ እዚህ የጀመርኩትን መጋረጃ ፈትቼ እንደገና እየሰፋሁ ነው።

ጥር 1

በዓሉ አለፈ። አልነገርኳትም። እትዬ አበበች የበዓሉን ዶሮ ሲያቀርቡልኝ የመሄጃ ቲኬታቸውን ትሪው ላይ ጎን አድርገው አስቀመጡት። «መልሶ ብር መቀበያው ቀን አላለፈም» አሉ።

ጥር 3

ነገርኳት።

እሷ በእረፍት ሰዓቷ ደወለች፤ ከኋላዋ የዕቃ መግፊያ ጋሪ ይንኳኳል። እኔ ቆሜ ነው ያወራሁት፤ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ።

«ሊዲ፣ ደብዳቤ እንዳትጽፊ። ኮንትራት አልጨረስኩም። አባረውኝ ነው የመጣሁት።»

ጋሪው መንኳኳቱን ቀጠለ።

«መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ሁለት ዓመት ሠራሁ። ማታ ማታ ዕቃ ቤት ውስጥ ይቆልፉብኝ ነበር። መስኮት የለውም፤ የመብራቱ ማጥፊያ ከውጭ ነው። አንድ ቀን በሩን ረስተውት ወጣሁ። የእናንተ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት እዚያው ቀረ። ቁጥሩን የሚያውቅ ያገር ሰው እስካገኝ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ሰባት ዓመት ያለ ወረቀት፣ ተደብቄ ሠራሁ። በመጨረሻ ተያዝኩ።»

ጋሪው መንኳኳቱን አቆመ።

«ያ አራት ወር... ያልደወልሽበት?»

«እሱ ነው።»

«እኔ እኮ» አለች፣ ድምጿ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ፣ «እዚያ ሌላ ልጅ የወለድሽ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው።»

«በየትኛው ጊዜዬ?» አልኳት። ማልቀስ ሲገባኝ ይህን አልኩ! እሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተለወጠ፤ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንደ ሞኝ አለቀስን። በመሐል አንድ እንግዳ ፎጣ ጠይቋት «ወዲያው አመጣለሁ» ብላ በእንግሊዝኛ ስትመልስለት ሰማሁ። ድምጿን አስተካክላ። እኔም እንዲሁ ነበር የማስተካክለው።

«ስትመጪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሻንጣ ሳልይዝ መጣሁ። የሚያሳፍር ታሪክ ብቻ ይዤ መምጣት ከበደኝ።»

«ሻንጣውን እኮ ጠብቄው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ነግረውኛል።»

ጥር 19

እትዬ አበበች ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ቶኩማ ራሱ ቦሌ ድረስ ሊያደርሳቸው አብሯቸው ሄደ። ባለ ሃያ አራት ኪሱን ጨርቅ አልወስድም ብለው ተሟገቱኝ። «መርከቡን ካርድ ክፍል ልታስመስዪው ነው?» አሉ። በመጨረሻ አጣጥፈው ከዳዊታቸው ሥር ከተቱት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት «የጨው ዕቃዬን አምጪና ቦታው መልሺ» አሉኝ። ሆን ብዬ እንዳስቀረሁት፣ ያንንም ያውቁ ነበር!

ሻንጣዬን ፈታሁት። ፋዲላ መብራቶቹን መልሳ አልወስድም አለች፤ አንዱን ለእሷ ሱቅ፣ አንዱን ለቶኩማ ቢሮ ሰጠሁ፤ ቆንጣጩ እኔው ጋ ቀረ።

ጥር 24

እትዬ አበበች ከመርከቡ ደወሉ። አንድ ቀን ሙሉ አቅለሽልሿቸው ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው። ምግቡ ጨው የለውም። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ «እንደ ልቤ ተኛሁ» አሉ። ከጎናቸው ያለው አልጋ ላይ ሊዲ ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች ጋደም ትላለች፤ ትንሽ ያወራሉ፣ ከዚያ ወደ ሠራተኞች ክፍል ትወርዳለች።

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ድሮ ቢሆን ሳልጠይቅ ውዬ አላድርም ነበር። እሺ፣ ጠየቅኩ። «ስላንቺ» አሉ፤ ስልኩን ለሊዲ ሰጧት።

«እንቁዬ፣ ያን ነገር እንደገና ንገሪኝ» አለች። «ሁሉንም። ከሄድሽበት ቀን ጀምረሽ።»

«አሁን? ሥራ የለሽም?»

«አርባ ደቂቃ እረፍት አለኝ።»

«በአርባ ደቂቃማ ገና ከአገር አንወጣም።»

«ግድ የለም» አለች። «ዛሬ ቦሌ ድረስ ብቻ ንገሪኝ።»